ስለ እማማ ትኩሳት

ጅማ፣ ሐምሌ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ስላጠፋሁብህ ይቅር በለኝ። እማማ አዲስ አበባ ኪሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) መጀመራቸውንና በየዙሩ መሃል ጅማ ቤታቸው ሊሰነብቱ መሆኑን ሰማሁ። የሌላውን ወሬ ስንገናኝ እናወራዋለን፤ አሁን እሳቸውን ከኢንፌክሽን እንዴት እንደምትጠብቅ ልጻፍልህ።

ኪሞ ካንሰሩን ብቻ ሳይሆን የደም ሕዋስ የሚሠራውን መቅኔንም ይመታል። ባክቴሪያን ቀድሞ የሚዋጋው ነጭ የደም ሕዋስ፣ ኒውትሮፊል፣ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ክፉኛ ይወርዳል። አሜሪካዊው ሐኪም ጄራልድ ቦዴይና ባልደረቦቹ በ1966 እ.ኤ.አ. የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሕሙማንን ደም እየቆጠሩ ያሳዩት ነገር ዛሬም የሥራችን መሠረት ነው፤ የኒውትሮፊል ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ1,000 ሲወርድ ኢንፌክሽን ይበዛል፣ ከ100 በታች ሲሆን እጅግ ይከፋል፣ ዝቅ ብሎ በቆየ ቁጥርም አደጋው ይጨምራል። አሁን ዋናው መስመር 500 ነው። የሲቢሲው (የደም ሕዋስ ቆጠራ ምርመራው) ወረቀት ላይ ጠቅላላ ነጭ ሕዋስ 1.8፣ ማለትም 1,800፣ ብሎ ብታየው እንዳትዘናጋ። ኒውትሮፊሉ 20 በመቶ ከሆነ 1,800ን በ0.20 አባዛው፤ 360 ነው፣ ከመስመሩ በታች።

መግል በአብዛኛው የሞተ ኒውትሮፊል ነው። ስለዚህ ኒውትሮፊል የሌለው ሰው ቁስሉ ላይመግል፣ የሳንባ ምች ይዞት ኤክስሬዩ ንጹህ ሊመስል ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። ፓራሲታሞል ሰጥተህ እሱን ስታጠፋው ያለህን አንድ ምስክር አፉን ይዘህ ዝም አሰኘኸው ማለት ነው። ሳይለካ ምንም ማስታገሻ አይዋጥ። ዳይክሎፌናክ መርፌማ በፍጹም፤ ትኩሳቱን ከመደበቁም በላይ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሕዋስ፣ ፕላትሌት፣ ሲወርድ ጡንቻ ላይ የተወጋ መርፌ ውስጥ ውስጡን ያደማል።

ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዛ። ጠዋትና ማታ፣ እንዲሁም ብርድ ብርድ ባላቸው ቁጥር ከምላስ ሥር ለካ። ቡና ወይም ሻይ ከጠጡ 15 ደቂቃ ጠብቅ፣ አለዚያ ያሳስትሃል። አፋቸው ከቆሰለ በብብት ይሁን፤ ግን ብብት ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል። በፊንጢጣ አይለካ። አንዴ 38.3 ካሳየ፣ ወይም 38.0 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ሌሊትም ቢሆን ተነሱ።

ወዴት? ኪሞውን የጀመሩት አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያው ልውሰዳቸው ትል ይሆናል። 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ አንቲባዮቲኩ ደግሞ ሆስፒታል በደረሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መጀመር አለበት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ወረፋ ሳትይዝ በሩ ላይ "ኪሞ ላይ ናቸው፣ ትኩሳት አላቸው" በል፤ የመጨረሻው ኪሞ የተሰጠበትን ቀን የያዘውን ወረቀት አሳይ። ሁለት ጊዜ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ይወሰዳል፣ ግን መድኃኒቱ ውጤቱን አይጠብቅም። እዚህ አገር ትኩሳት ሲባል ቶሎ የሚነሳው ወባ ወይም ታይፎይድ መሆኑን ታውቃለህ። ወባ ይመርመር፤ ቢገኝ እንኳ "ምክንያቱ ታወቀ" ተብሎ አንቲባዮቲኩ አይቅር። ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ ሁለት ቀን ማየት ደግሞ ነፍስ የሚያስከፍል ስህተት ነው።

ጀርሙ በብዛት ከውጭ ሳይሆን ከራሳቸው አፍና አንጀት ነው የሚነሳው። መፋቂያ ድድ ስለሚያደማ ለስላሳ ብሩሽ ይሁን። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጥ፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጉመጥመጡበት፣ በየቀኑም አዲስ ይሠራ።

ምግብ ላይ ብዙ አታስጨንቃቸው። ጥብቅ የምግብ እገዳ ኢንፌክሽን እንደሚቀንስ በጥናት አልተረጋገጠም፤ ሰው ሳይበላ ይዳከማል እንጂ። ፍራፍሬ ታጥቦና ተልጦ ይብሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ ለብለብም ቢሆን፣ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎና አይብ ግን ይቅር። እንጀራ ጥግ ላይ ሻጋታ ካየህ ሙሉውን ጣለው፣ ቆርጠህ አታስቀር።

የሐምሌ ዝናብ ግድግዳውን ሲያረጥበው ሻጋታ ያበቅላል፤ ለእሳቸው ደረቁን ክፍል ስጣቸው። ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማም ለጊዜው ይቅር።

ጠያቂን መከልከል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ከደጅ ሰላም ብሎ ይመለስ፤ ሌላው መሳም ትቶ፣ በአልኮል እጁን 30 ሰከንድ አሽቶ ይግባ፣ ሁለት ሁለት ሆነው። ከመጸዳጃ ቤት መልስ ግን ሳሙናና ውሃ እንጂ አልኮል አይበቃም። "ብርድ ይመታቸዋል" ብሎ መስኮት የሚዘጋ አይጠፋም። ጋቢ ደርብላቸውና ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ክፈት፤ የሳምባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በታፈነ ክፍል ነው።

የመጨረሻውን የሲቢሲ ወረቀት ፎቶ አንስተህ ዛሬውኑ ላክልኝ፣ የኪሞውንም ቀን ጻፍበት። ቀኖቹን ቆጥሬ ከመቼ እስከ መቼ አጥብቀህ እንደምትለካ እነግርሃለሁ። እማማን ሳምልኝ፣ ራቅ ብለህ።

ወንድምህ