ምድጃችሁን ስለዘጋንበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ ማዕከላት ኃላፊዎች፣

ለጥገና የመጡት ባለሙያዎቻችን የጋዝ ምድጃችሁን ዘግተው፣ ሲሊንደሩንም ነቅለው በመሄዳቸው ምሳ እንደዘገየባችሁ አንዳንዶቻችሁ በቁጣ ጭምር ነግራችሁናል። ስለ መጉላላታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ልጆቹን ግን አትውቀሱብኝ፤ ትእዛዙ የእኔ ነው፣ አሁንም አልተነሳም።

ከሲሊንደሩ ወደ ምድጃው ጋዝ የሚያደርሰው ጎማ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ባለሙያው የሳሙና አረፋ ሲቀባው ከመያዣው ሥር አረፋው እያበጠ መጣ፤ «እስከ ሰኞ ያድርሰን» የተባለውም ይኸው ጎማ ነው። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ለወለል ተስቦ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይጠራቀማል፤ እዚያ ደግሞ የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ የምትፈጠር ብልጭታ ትበቃዋለች። በመኖሪያ ቤት ቢሆን ሰው ሮጦ ያመልጣል፤ እናንተ ዘንድ ግን ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ማዶ የተኙት ያለ ደጋፊ ከአልጋ የማይወርዱ እናቶችና አባቶች ናቸው። የውሃ ማሞቂያው ቴርሞስታት፣ ማለትም ውሃው በበቂ ሲሞቅ ማሞቂያውን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ፣ ሲበላሽ «ቀጥታ አገናኙልን» ስትሉን እምቢ የምንለውም ስለዚሁ ነው፤ ውሃው ፈልቶ ግፊቱ ሲያይል የሚያጠፋው ነገር አይኖርምና።

ዋጋችን መጨመሩም እውነት ነው። የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተሩም፣ ቴርሞስታቱም፣ የፍሪጁ በር ጎማም ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በድሮው ዋጋ የምናገኘው ዕቃ የለም። ርካሽና የማይታመን ዕቃ ገጥመን ማትረፍ እንችል ነበር፤ አላደረግነውም፣ ይህን እንኳ ብታውቁልን ደስ ይለን ነበር።

የመሣሪያ ሣጥኔን ይዤ በታክሲ ስመላለስ፣ ሱቅ ሳይኖረኝ አምናችሁ ቀብድ የሰጣችሁኝ ከእናንተ መካከል አላችሁ። ያንን ውለታ ስለማልረሳ ነው አንዳንዶቻችሁ ወደ ሌላ ጠጋኝ መሄዳችሁን ስሰማ ከገንዘቡ ይልቅ ነገሩ የከበደኝ።

ከእንግዲህ ባለሙያዎቻችን መለወጫ ጎማና ሬጉሌተር ይዘው ስለሚመጡ ምድጃው በዚያው ዕለት ተስተካክሎ ይከፈታል፤ ሒሳቡንም በሁለት ጊዜ መክፈል ትችላላችሁ። የዘጋነውን ምድጃ በሌላ ሰው ከማስከፈታችሁ በፊት ግን እባካችሁ ደውሉልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት