የተጸለየላት ልጅ ተኝታ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ሴቶችን የሚያስታውሰው ማርች 8 ሲደርስ ነው ብል አትቀየሙኝ። እኔ ግን የምጽፍላችሁ በጥቅምት ማብቂያ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስላየሁት ነገር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአዋላጅ ነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የማኅበሬ ሰዎች ወሬውን ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔው ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ከፕሮቴስታንቶቹ ወገን ባፕቲስት የሆነችው ጎረቤቴ «እትዬ፣ ዛሬ በዓለም ላሉ ሴቶች የምንጸልይበት ቀን ነው፤ ዛሬ እንኳ አብረን ብንሄድ ምን አለበት?» አለችኝ። ነጠላዬን ደርቤ ስወጣ የጓሮ ክፍል ተከራዬ «እማማ፣ እኔም ልምጣ» ብላ ተከተለችን። በከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ ናት። ሌሊቱን በሥራ አድራ ጠዋት ከገባች ጀምሮ ልብሷን ስታጥብ አይቻታለሁ እንጂ ስትተኛ አላየሁም።

አዳራሹ ውስጥ ስልሳ የምንሆን ሴቶች ነበርን፤ ወንድ ቢባል መጋቢውና የድምፅ ማጉያውን የሚያስተካክለው ልጅ ብቻ። መሪዋ እናት የቀኑን አመጣጥ ሲተርኩ ጆሮዬን ሰጠሁ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ የአውሮፓ ባፕቲስት ሴቶች ለንደን ላይ ተገናኙ። ወንዶቻቸው ዓመታት ሙሉ ሲገዳደሉ የከረሙ አገሮች ሴቶች ናቸው። አንዷ ለሌላዋ ልትጸልይ ተስማሙ፤ ዛሬ በየዓመቱ የኖቬምበር የመጀመሪያው ሰኞ የሚታሰበው ከዚያ የተነሣ ነው። ከራሳችን ጦርነት ማግሥት እንዲህ ያደረጉ የእኛ አገር ሴቶች አሉ ወይ ብዬ ጎረቤቴን በሹክሹክታ ጠየቅኋት። መዝሙር ተጀመረና ሳትመልስልኝ ቀረች።

የዓለም ባፕቲስት ሴቶች በሰባት አህጉራዊ ኅብረት የተደራጁ ናቸው። ሰባት ሴቶች እየተነሡ ስለ እያንዳንዱ ኅብረት ጸለዩ። ደቡብ ምዕራብ ፓስፊክ የደረሳት ወጣት ስሙን ሁለት ጊዜ ተሳስታ ሦስተኛው ላይ ስታቃናው ሁላችንም ሳቅን፤ እርሷም አብራን ሳቀች። የአፍሪካው ተራ ሲደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። «በማህፀን ሕመም ለሚሰቃዩ እህቶቻችን» ተብሎ ታለፈ። የማህፀን ሕመም! ሙያዬ አላስችል ብሎኝ፣ የቤቱ ሰው ሳልሆን እጄን አነሣሁ። ፈቀዱልኝ። ፌስቱላ በሉት አልኳቸው። ምጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ደም ያሳጣዋል፤ ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም። ሰው ይሸሻታል፤ እርሷም ከሰው ትሸሻለች። ሐኪም ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል የከፈቱላት ሴት ይህች ናት። አንዱ ቅርንጫፍ ይርጋለም ነው፤ ከዚህ ከሐዋሳ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስቀመጥ አንዲት እናት እንባቸውን በሻሻቸው ሲጠርጉ አየሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ቀጥሎ ሠርተው ለሚያድሩ ሴቶች «ጌታ ብርታት ይስጣቸው» ተብሎ ተጸለየ። ሁሉም በአንድ ድምፅ አሜን ሲሉ ተከራዬ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። አፏ በትንሹ ተከፍቷል፤ ከጣቷ ጫፍ የመርፌ ፕላስተሩ ሊላቀቅ ደርሷል። አሜን ያልኩት እንዳልቀሰቅሳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ብርታትማ አላት፤ ያጣችው እንቅልፍ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ «ለእኛ ተጸለየ?» አለችኝ። ተጸልዮላችኋል አልኳት። «ምን ተብሎ?» ነገርኳት፤ ፈገግ ብላ ስልኳ ላይ ሰዓት አየች።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከተማችን ከየወረዳው በመጡ ልጃገረዶች ተሞልታለች። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግማሾቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ ግማሾቹ ተኝተዋል። ስለዚህ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን እህቶች ልመና አለኝ፤ ለራሴም ደብር ማኅበር እንዲሁ። ለከርሞ ጸሎቱ በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት ይሁን። ከጸሎቱ ርእሶች ጎን ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ ከአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሁለት ነገር ይነበብ፦ ነፍሰ ጡር ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዳትሠራ መከልከሉና የወሊድ ፈቃዱ ከነደመወዙ 120 ቀን መሆኑ። በረንዳዬ ላይ ይህን ስነግራቸው «እውነት ነው?» የሚሉኝ ልጆች ብዙ ናቸው።

እናንተም ያን ዕለት ጋዜጠኛ ላኩ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ ጀበናና ረከቦት አለኝ። የዕጣኑን ነገር ከመጋቢው ጋር እንነጋገርበታለን።

ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ
ከሐዋሳ