ቦርሳውን አንግቶ ለሚመጣ መንገደኛም ይታሰብለት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ ስለ ቱሪዝም የሚወጡትን ጽሑፎች ለረጅም ጊዜ በትኩረት ስከታተል ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ የሚያነሡት ስለ ውጭ አገር ጎብኚ፣ ስለ ባለኮከብ ሆቴልና ስለ ውጭ ምንዛሪ ነው። ጉዳዩ መነሣቱን አልቃወምም፤ ይሁን እንጂ እኔ በምኖርበት በሰሜን ሸዋ በየመናኸሪያው እየወረደ፣ በየአልቤርጎው እያደረ ገዳማቱንና ገደላቱን አይቶ የሚመለሰው ሰው በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም። ይህ ሰው ከደመወዙ ቆጥቦ የተነሣ መምህር፣ የዕረፍት ጊዜውን የሚጠቀም ተማሪ፣ ስእለቷን ልታደርስ የመጣች እናት ወይም የጽዋ ማኅበር አባል ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ ኃላፊነቱን ተረክቦ የሚሠራለት አካል አለመኖሩ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አነሣሥቶኛል።

በአገራችን በትንሽ ወጪ ረጅም መንገድ መጓዝ የቆየ ልማድ ነው። በቅሎ ያልነበረው ሰው ድሮም በእግሩ እየሄደ፣ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ይዞ፣ ሲመሽበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ በደረሰበት ቤት ያድር ነበር። ዛሬም ጻድቃኔ ማርያምን ለመሳለም ወይም በሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ለመጠመቅ የሚመጣው ምእመን ከዚህ እምብዛም አልራቀም፤ ስንቁን ቋጥሮ፣ ከማኅበሩ ጋር አውቶቡስ ተከራይቶ ወይም በቅጥቅጥ ተሳፍሮ ይደርስና በቅጥሩ ግቢ አንጥፎ ይተኛል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቅዳሜና እሑድን ጠብቀው ድንኳንና ቦርሳ ይዘው ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወጣቶች ተጨምረዋል። የባሕር ዳርቻ የለንም፤ አሸዋ ላይ መተኛት የሚሻ ወደ ላንጋኖ ይሂድ። ገደል፣ ፏፏቴ፣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና ብርድ ለሚፈልግ ግን የእኛ አካባቢ ቅርብም ርካሽም ነው።

ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሣው ተሳፋሪ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ነው። ከተማዋን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደሆኑና ስሟም በሰማይ ከታየው ብርሃን እንደመጣ ይታወቃል፤ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት የአንጎለላ አካባቢም ከከተማዋ ሩቅ አይደለም። ይህን ሁሉ ለእንግዳው የሚነግረው የለም። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ካርታ እንኳ ስለማይሰቀል ሰዉ ቁርሱን በልቶ ወደ ደሴ ወይም ወደ መንዝ ያልፋል። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በአገሩ ሁሉ የምትታወቅ ከተማ በርካሽ መኝታ ቤቶቿ ለእንግዳ አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ብቻ የምትሰጥበትን ምክንያትም እስካሁን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እዚህ ያደረ ሰው የምለውን ያውቃል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ አንኮበር ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች፤ መኪናው ጎረቤላ ላይ ሲያራግፍ መንገደኛው ከደጋው ጠርዝ ቆሞ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ይመለከታል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከውን መልእክተኛ የተቀበሉበት አገር ይህ ነው። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ጥቂት የግንብ ፍራሽ ሲሆን ኮረብታው ላይ የጥንቱን መልክ እንዲይዝ የተሠራ ሎጅ አለ። ሎጁ መሠራቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ጎረቤላ ወርዶ የሚያገኘው መኝታ ውኃ የሌለውና መጸዳጃው ከጓሮ የራቀ ነው። በዚህ የተነሣ አብዛኛው በዕለቱ ተመልሶ ደብረ ብርሃን ያድራል። ያላደረ እንግዳ ደግሞ ራት አይበላም፣ ጠላ አይቀምስም፣ በማግስቱም የሚመራው ሰው አይቀጥርም።

አንኮበር አንድ ሌሊት ለሚያድር ሰው የምታሳየው ብዙ ነው። በማለዳ ተነሥቶ ነገሥታቱ የተከሏቸውን አብያተ ክርስቲያናት ይሳለማል፤ ወደ ወፍ ዋሻ ደን አቅጣጫ ቢሄድ የጽድ፣ የዝግባና የኮሶ ዛፎችን ያያል፤ ወፍ የሚወድ ሰው በአንኮበር ስም የምትጠራውን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኘውን ትንሽ ወፍ በገደሉ አፋፍ ይፈልጋል። ቁልቁለቱን በእግሩ ከወረደ ደግሞ አልዩ አምባ ይደርሳል። ከታጁራና ከሐረር በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፍበት የሣህለ ሥላሴ ዘመን ትልቅ ገበያ ይህ ነበር። በሽመናቸው የሚታወቁት አርጎባዎች አሁንም በዚያ አካባቢ ይኖራሉ። ደጋና ቆላ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በአንድ ቀን የእግር መንገድ የሚገናኙበት ሥፍራ በመሆኑ ጠንካራ ጉልበት ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ጉዞ ልጠቁመው አልችልም። አቀበቱን ለመመለስ ግን በቅሎ ወይም መኪና ማፈላለጉ ይበጀዋል።

ወደ ሰሜን ያለውን መንገድ በአጭሩ ላንሳው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው የጣርማበር ዋሻ፣ ከመንገዱ ዳር ሣር የሚግጡት ጭላዳዎች፣ ከዋሻው በኋላ በድንገት የሚጀምረው የደብረ ሲና ቁልቁለት በተሽከርካሪ ለሚያልፍ ሰውም የሚታዩ ናቸው። ከጣርማበር ወደ መንዝ ሲታጠፍ የሚገኘው ጓሳ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚህ ውርጫማ ሜዳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። የመንዝ ሕዝብ ቤቱን የሚከድንበትን፣ ገመዱን የሚገምድበትን የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ያለ ጊዜው ያጨደም ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። እንግዳው የሚከፍለው የመግቢያና የማደሪያ ዋጋ ለማኅበረሰቡ የሚውል ሲሆን ድንኳን ይዞ የመጣም ቦታ ይሰጠዋል። አንድ የገጠር ማኅበረሰብ ይህን ማድረግ ከቻለ ባለ ብዙ ቢሮ የሆኑ ከተሞች የሚያቅታቸው ምን እንደሆነ ብጠይቅ ተሳዳቢ እንዳልባል ተስፋ አደርጋለሁ። ለሚሄዱ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በርኖስ ወይም ወፍራም ጋቢ ሳይዙ እንዳይሞክሩት።

ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ፤ አንዱ በአማራ፣ ሌላው በኦሮሚያ ክልል። መንገደኛው ይህን ድንበር አያየውም፤ የሚታተመው የቱሪዝም በራሪ ወረቀት ግን ድንበሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ደብረ ሊባኖስ በወዲያኛው ዞን ስላለ ከእኛ ወረቀት ላይ የለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ይህ ገዳም በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ሲጨፈጨፍ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ባመኑት ቁጥር ብቻ 297 መነኮሳት ተረሽነዋል፤ ከዚያም 129 ዲያቆናት ደብረ ብርሃን ላይ ተገድለዋል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። የሁለቱ ቦታዎች ታሪክ አንድ ሆኖ ሳለ ደብረ ሊባኖስን የተሳለመ ሰው ወደ ደብረ ብርሃንም እንዲመጣ የሚነግረው ምልክት ሊኖር ይገባል። ከገዳሙ ደጅ አለፍ ብሎ ሰዉ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለው፣ በእርግጥ ግን ራስ ዳርጌ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት የድንጋይ ድልድይ አለ። ወንዙ ከድልድዩ ሥር አልፎ ወደ ገደሉ ይወረወራል። ፏፏቴውን ማየት የሚፈልግ በመስከረም ይምጣ፤ በመጋቢት የመጣ ደረቅ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ የጀማን ሸለቆ አቋርጦ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው መንገድ ሁለቱን ዞኖች የሚያገናኝ ሲሆን በትልልቆቹ አውራ ጎዳናዎች ብቻ የሚመላለስ ሰው የማያየውን ገደል ያሳያል።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልመለስ። በትንሽ ገንዘብ የሚጓዝ ሰው ከምንም በላይ የሚጎዳው ዋጋን አስቀድሞ አለማወቁ ነው። የትራንስፖርት ታሪፍ በሕግ ይወጣል፤ ተሳፋሪው ግን የሚያውቀው ረዳቱ ሲነግረው ነው፣ ጣሪያ ላይ ለሚጫነው ቦርሳም ሌላ ሒሳብ ይጠየቃል። በአንድ የበዓል ዋዜማ አብሬያቸው የተጓዝኳቸው የጽዋ ማኅበር አባላት በስልክ የተስማሙበት የአልጋ ዋጋ ሲደርሱ በእጥፍ ጨምሮ ጠብቋቸዋል፤ አረጋውያኑን አልጋ ላይ አስተኝተን የቀረነው ወንበር ላይ አነጋን። ነጋዴው በገበያ ቀን ቢያተርፍ አልፈርድበትም፤ የፈረድኩት ቃሉን ባለመጠበቁና ደረሰኝ ስንጠይቀው በመሳቁ ነው። የመጸዳጃ ጉዳይማ ለመጻፍም ያሳፍራል። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በሚያድርባቸው የጠበል ቦታዎች ለሴቶች የሚመች በቂ መጸዳጃ አለመኖሩ የጤናም የክብርም ጉዳይ ነው።

«ገንዘብ የሌለው ጎብኚ ምን ይጠቅመናል?» የሚሉ የከተማችን ሰዎች አሉ። ትልቁ ሆቴል የሚገዛው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚጫን ሲሆን ይህ መንገደኛ ግን ሽሮውን ከጉልት አጠገብ ካለችው እናት ይበላል፣ ቆሎውን ከመንገድ ዳር ይገዛል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ የመንዝ ባና ወደ ቤቱ ይዞ ይመለሳል። ሌላው ወቀሳ ግን እውነትነት አለው። በጠበሉና በገደሉ አፋፍ የሚጣለው የፕላስቲክ ጠርሙስ የእነዚሁ እንግዶች ነው፤ ከወጣቶቹም አንዳንዶች ቅዳሴ እየተቀደሰ ካሜራ ደቅነው ሲዞሩ፣ በቁምጣ ወደ ቅጥሩ ሲገቡ፣ ለጭላዳ ብስኩት ሲወረውሩ አይቻለሁ። ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት እንዳሉ ሳይጠይቁ መጥተው ከበር የሚመለሱም አሉ። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው በበሩ ላይ በግልጽ የተጻፈ ሥርዓትና ሥርዓቱን በትሕትና የሚያስረዳ አንድ ሰው ነው።

የጸጥታውን ነገር ዘልዬ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሠተው ግጭት መንገዶች የሚዘጉባቸው ቀናት ነበሩ፤ ከዚያም ቀደም ሲል አጣዬና አካባቢዋ ደጋግመው ተጎድተዋል። ማንንም ያለ ጥንቃቄ ውጣ አልልም። የሚነሣ ሰው በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰው ስለ መንገዱ ይጠይቅ፣ ከመሸም አይጓዝ። የምጠይቃቸው ነገሮች ግን የሰላሙን ቀን የሚጠብቁ አይደሉም፤ መጸዳጃ መቆፈርና ታሪፍ መለጠፍ ዛሬም ይቻላል።

ስለዚህ የሁለቱም ዞኖች የባህልና ቱሪዝም መምሪያዎች አንድ የጋራ ካርታ አዘጋጅተው በየመናኸሪያው እንዲሰቅሉ፣ የከተማ አስተዳደሮች የመኝታ ዋጋ በየእንግዳ መቀበያው በግልጽ እንዲለጠፍ እንዲያስገድዱ፣ እንደ ጎረቤላ ባሉ ትንንሽ ከተሞችም ትርፍ ክፍል ያላቸው ቤተሰቦች ተመዝግበውና ተቆጣጣሪ ኖሯቸው እንግዳ እንዲያሳድሩ እንዲፈቀድ እጠይቃለሁ። ከጋዜጣችሁም የምሻው አንድ ነገር አለ። ትልልቅ የንግሥ በዓላት ከመድረሳቸው በፊት ባለው ሳምንት ወደ ቦታዎቹ የሚወስዱትን መንገዶች ሁኔታ፣ ሕጋዊውን የትራንስፖርት ታሪፍና የገዳማቱን የመግቢያ ሥርዓት ባለችው ጠባብ ዓምድ ብታወጡልን መልካም ነው፤ ለጅምሩ የታኅሣሥ 24ቱ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል የሚመች ይመስለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ደብረ ብርሃን