ቆራሌውን ከበር አትመልሱት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ፌስታል ክልከላ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። ግን አንድ ሰው ሁልጊዜ ይዘለላል። ባለሥልጣኑ ይናገራል፣ ባለሙያው ይናገራል፣ ባለፋብሪካው ያማርራል። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ "ቆራሌው!" እያለ የሚዞረውን ልጅ ግን የሚጠይቀው የለም። የአዲስ አበባን ጠርሙስና ብረት፣ ጀሪካንና አሮጌ ጫማ ስንት ዘመን ሲለቅም የኖረው እሱ ነው። ለዚያውም ያለ ደሞዝ፣ ያለ ስብሰባ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ "ቆራሌውና ልዋጭ መግባት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የኮሚቴው ውሳኔ ነው። እንግዲህ የዚህ ሁሉ አባወራ ሃይላንድ፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ የዘይት ጀሪካንና የልጆች ጫማ የት ይሂድ? ከሽንኩርት ልጣጭና ከዳይፐር ጋር ተደባልቆ ገንዳ ይገባል። የጽዳቱን ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ስለምንከፍል ከዚያ ወዲያ ያለው የእኛ ጉዳይ አይመስለንም።

ድሮ ሰፈር ውስጥ ስንኖር እንዲህ አልነበረም። ባዶ ጠርሙስ አልጋ ሥር ይጠራቀማል። ቆራሌው ሲጣራ ልጅ ይላካል፣ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። እናቴ ድስቷን ብድግ አድርጋ "ይሄማ ገና ደህና ነው" ትላለች። እሱ ወደ ፀሐይ አንስቶ ቀዳዳውን ያሳያታል። "እማማ፣ በዚህ በኩል እኮ ሰማይ ይታያል።" በሚዛኑ መንጠቆ ሲያንጠለጥለው ዓይኗን ከመርፌው አትነቅልም። በመጨረሻ ሁለቱም እየተሳሳቁ ይስማማሉ። ልዋጮቹ ደግሞ ብር የሚባል ነገር አያወጡም። አሮጌ ልብስ ወስደው ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣሉ። እኛ ቤት ከነበሩት ሳፋዎች ግማሹ የአባቴ ኮት ነበር ማለት ይቻላል። አባቴ ይህን ሲሰማ አይስቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕቃው የት እንደሚደርስ ማየት የሚፈልግ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይሂድ። በርሜል እየተቀደደ የከሰል ምድጃ ሲሆን፣ የመኪና ጎማ እየተቆረጠ በረባሶ ሲሆን፣ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የቤት ዕቃ ሲሆን እዚያው ዓይናችሁ ሥር ታያላችሁ። የውስኪ ጠርሙስ ታጥቦ ለአረቄና ለዘይት ሻጭ ይሸጣል። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። ለአንዱ አሮጌ የሆነ እዚያ ጥሬ ዕቃ ነው። ነጩ ሃይላንድ ከአረንጓዴው ይለያል፣ ክዳኑም ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ ለብቻው ነው። ይህንን የሚያውቁት ሥራው ላይ የዋሉት ናቸው፤ ሥልጠና የሰጣቸው የለም።

ኮሚቴው ግን ያለ ምክንያት አልከለከለም። እሱን መካድ አይገባም። ግቢያችን ውስጥ የውሃ ቆጣሪ ተነቅሎ ጠፍቷል። ቧንቧ ተፈትቷል። ከደጃፍ ጫማ ተወስዷል። የመንገድ ፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን እንኳ ተነስቶ በብረት ዋጋ የሚሸጥበት ከተማ ነው። ጎረቤቶቼ "መጀመሪያ ቆራሌ መስሎ ይገባል፣ ኋላ ሌሊት ይመለሳል" ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ቆጣሪውን ማን ፈታው ብሎ የተጣራ ነገር የለም። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላም ስርቆቱ አልቆመም። ደግሞ ከነማኅተሙ ያለ ቆጣሪ ይዞ የመጣን ሰው ከየት አመጣኸው ሳይል የሚገዛ ነጋዴ ባይኖር ሌባው ምን ይሠራበታል? ጥያቄው እዚያ ላይ ቢጠነክር ይሻላል። ጆንያ የተሸከመን ሁሉ ከሌባ መቁጠር ለኮሚቴ ይቀላል፣ መፍትሔ ግን አይሆንም።

ሐሳቤ ከባድ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከበሩ ጎን፣ ጥበቃው እያየ። ፎቅ መውጣት የለም። የታወቁ ሁለት ሦስት ልጆች ይመረጡ፣ መታወቂያቸው ይመዝገብ። ነዋሪው ዕቃውን ራሱ ይዞ ይውረድ፣ ራሱ ይደራደር። መውረድ የማይችሉ አዛውንቶችን የጎረቤት ልጅ ያግዛቸው። ልዋጮቹም በዚያው ቀን ይምጡ፤ የልብስ ሳጥናችን ስንት የማይለበስ ነገር እንደታጨቀበት እናውቃለን።

ሌላው ነገር እኛው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። እርጥቡንና ደረቁን ለያይቶ ማስቀመጥ፣ በቃ። አንድ ጆንያ በረንዳ ላይ ቦታ አይፈጅም። አሁን የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ ሴቶች መጥተው ከጠወለገ ጎመንና ከሻገተ እንጀራ መሃል ሃይላንድ በእጃቸው ይለቅማሉ። ወጥ የነካው ካርቶን ደግሞ ለማንም አይጠቅምም፣ ቀጥታ ወደ መድፊያው ነው።

መድፊያው የት እንደሆነ መቼም አልረሳነውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ናቸው፣ ሕፃናት ነበሩባቸው። ያ ተራራ ከሌላ አገር አልመጣም። ከየቤታችን የወጣ ነው።

አዋጅማ አልጠፋም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊሜትር የቀጠነ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉሊት ሄዶ ቲማቲም በስስ ፌስታል ያልተሰጠው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ አዲስ አዋጅ አጽድቆ ፌስታልን ጨርሶ ከለከለ። ይሄኛው እንዲሠራ እመኛለሁ። ዘንቢሌን ከቁም ሳጥን አናት አውርጃለሁ፣ ባለሱቁም እየለመደው ነው። ግን ፌስታል ቢቀርም ጠርሙሱ፣ ጀሪካኑና ጫማው አለ፤ እነሱን የሚያነሳልን ሰው በር ላይ ቆሞ እየተመለሰ ነው።

ይህን ሐሳብ ለሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ አቀርባለሁ። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ቆራሌውን በሥርዓት የሚያስገባ ግቢ ውስጥ የሚኖር ካለ፣ እንዴት እንደተስማሙ በዚሁ ዓምድ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል። በተለይ ሚዛኑ የማን እንደሆነ ቢነግረኝ፤ እኛ ግቢ ጠብ ቢነሳ የሚነሳው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ አዲስ አበባ