ልጁን በፕራም (በሕፃን ጋሪ) ይዞ ጫካ የገባው ሰውዬ

ሰላም የኔ ልጅ፣ እንዴት ናችሁ፣ ሚስትህስ፣ ትንሿስ ጥርስ አወጣች? ባለፈው ስልክ ላይ "እማ በቃ ልጅ ከመጣ ወዲህ ቡሽዎኪንጉም (የጫካ የእግር ጉዞው) የቅዳሜው በጎ ፈቃድ ሥራም አበቃለት" ስትለኝ ዝም ያልኩት ሚስትህ አጠገብህ ስለነበረች ነው እንጂ የምለው ነበረኝ።

ማይልስ ደንፊን ታውቀው የለ፣ እዚህ አውስትራሊያ፣ ሲድኒ አጠገብ ያለው ተራራማው ብሉ ማውንቴንስ ፓርክ እንዲሆን ዕድሜውን የለፋው ሰውዬ። ሥራው እኮ ሲድኒ ቴክኒካል ኮሌጅ ማስተማር ነበር፣ ጫካ የሚገባው በእረፍቱ ነው፣ ለዛ የሚከፍለውም የለም፣ ሲመለስ ደግሞ ያየውን ሸለቆና ወንዝ ቁጭ ብሎ በእጁ ካርታ ላይ ይስላል፣ ስንቱ ተጓዥ በሱ ካርታ ሄደ መሰለህ። እና በ1931 ከሚስቱ ከማርጋሬት ጋር ሆነው ሁለት ዓመት ገደማ የሆነውን ልጃቸውን ሚሎን ፕራም ላይ ጭነው እዛው ተራራ ውስጥ ገደላማው ካናንግራ ድረስ ገፉት! ፕራሙን "ካናንግራ ኤክስፕረስ" ብለው ስም አወጡለት፣ ውሻቸው ሳይቀር የቆዳ ጫማ ነበረው። ማርጋሬትን ግን እምብዛም የሚያነሳት የለም፣ በዛ ዘመን የሚጣል ዳይፐር የለ፣ ጨርቁን ማን ያጠበው ይመስልሃል?

በዛው ዓመት ነው የጫካ ተጓዦች እዛው ብሉ ማውንቴንስ፣ ግሮዝ ሸለቆ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ሊቆረጡ እንደሆነ የሰሙት። መሬቱን የያዘውን ሰውዬ 130 ፓውንድ አዋጥተው አስለቀቁት፣ ያውም ሥራ በጠፋበት ጊዜ። ዛፉ ደግሞ ባህር ዛፍ ነው እኮ፣ የእንጦጦው ዘመድ! እኛ ልጅ ሆነን ቅጠሉን ለምጣድ የምንለቅመው፣ እዚህ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ከመቆረጥ አስጣለው ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። ፓርኩ ግን የታወጀው በ1959 ነው፣ ሰውዬው ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲጽፍ ሲለምን ኖሮ። ሚሎም አድጎ አርክቴክት ሆነ፣ በኋላ እሱም የጫካ ተሟጋች ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ካናንግራ አጠገብ ድረስ መኪና ይገባል፣ ስለዚህ ሰበብ የለህም። ፋሲካ ሲያልፍ እንሂድ፣ ጋሪውን ጎማው ትልቁን አምጣ፣ ዳቦና በሶ እኔ እይዛለሁ። ዳይፐሩን ግን አንተ ነህ የምትቀይረው፣ ለሚስትህም ነግሬያታለሁ።

እናትህ