ሞቅ ያለ ቤት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ሊድስ፣ እንግሊዝ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን አሁንም ያማታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

የላክሽልኝን ፎቶ ሥራ ቦታ ሆኜ አየሁት። ለቁርስ ቤትሽ ሰሌዳ እንዲሆን ካርቶኑ ላይ በማርከር የጻፍሽውን ማለቴ ነው። ከላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቁርስ ቤት፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ቬሪ ክራውድድ ሃውስ»። «ሁሌ ሞቅ ያለ ቤት ለማለት ነው፣ ጽሑፍ ሠሪው ከሐሙስ በፊት ስጪኝ ብሎኛል» ብለሻል። በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ እየተቆራረጠ አያስወራንም። ስለዚህ አረፍ ብዬ ጻፍኩልሽ። በቴሌግራም ይደርስሻል።

ክራውድድን ተዪው። ሰው የበዛበት ማለት መሆኑ ልክ ነው። ግን እዚህ ሰዎች ያንን ቃል የሚያወጡት ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ነው። አውቶቡሱ ክራውድድ ነበር ካሉሽ ተጋፋን፣ መቀመጫ አጣን፣ አየር አጠረን እያሉሽ ነው። ምሬት አለበት። አንቺ ደግሞ ሰው የሚወደው ቤት ነው፣ ኑ ልትዪ ነው የፈለግሽው።

ይህን ልዩነት ያወቅኩት ተሳስቼ ነው። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ካፌ ውስጥ እሠራ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፣ ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ስልክ ጮኸ። እጄ እርጥብ ስለነበር ሽርጤ ላይ ጠረግ አድርጌ አነሳሁት። አንዲት ሴት ናት። ቤታችሁ ቢዚ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ በኩራት «የስ፣ ቬሪ ቢዚ! ኦልዌይስ ቢዚ!» አልኳት። እንኳን ደስ ያላችሁ የምትለኝ ነበር የመሰለኝ። እሷ ግን በትሕትና አመስግና ስልኩን ዘጋች። አልመጣችም።

አለቃዬ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። አልተቆጣችኝም። ሴትዮዋ የጠየቀችህ ወረፋ ትጠብቅ እንደሆነ ነው፣ አንተ ደግሞ አትምጪ ብለህ መለስካት አለችኝ። በጣም ነው የደነገጥኩት። ደንበኛ ለመጥራት ብዬ ደንበኛ አባረርኩ። ለካ ቢዚ ሁለት ፊት አለው። ባለቤቱ ለጓደኛው ሲያወራ ሥራ ደርቶልኛል ማለት ነው። ለሚመጣ ሰው ሲነገር ግን ቦታ የለም ይሆናል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሲጠይቁኝ፣ አዎ ሰው አለ፣ ግን ጠረጴዛ አዘጋጅልሻለሁ ነው የምላቸው።

እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። ጅማ ውስጥ ሁለት ቁርስ ቤት ጎን ለጎን ቢኖሩ መንገደኛው ጠጠር መጣያ የሌለበት ጋ ገብቶ ቆሞ ይጠብቃል። የባዶው ቤት ባለቤት ዝንብ እሽ ይላል። ሙሉ ቤት ራሱ ማስታወቂያ ነው። ለዚህ ነው ክራውድድ የሚለው ቃል አንቺን ደስ ያለሽ። አልፈርድብሽም።

ታዲያ ምን እንጻፍ? እኔ የመረጥኩልሽ ፖፑላር የሚለውን ነው። ብዙ ሰው የሚወደው ማለት ነው። ከፌመስ ጋር አታምታቺው። ፌመስ ስሙ ሩቅ የተሰማ ነው፣ እንደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ፖፑላር ግን የሰፈሩ ሰው ብቻ ቢወደውም ይባላል። ያንቺ ቤት ገና ፌመስ አይደለም፣ ፖፑላር ግን ነው። ውሸት አልጻፍሽም ማለት ነው። «ኤ ፖፑላር ብሬክፋስት ስፖት» ይበቃል። ስፖት ማለት እዚህ ሰው አዘውትሮ የሚሄድበት ቦታ ነው። ሃውስ ካልሽው መኖሪያ ቤት ይመስላል።

ባስሊንግ የሚባል ሌላ ቆንጆ ቃል አለ። ከሁሉም እኔ የምወደው እሱን ነው። ሰው ወዲህ ወዲያ የሚልበት፣ ግርግሩ ደስ የሚል ቦታ ማለት ነው። በወሬ መሀል ብዙም አትሰሚውም፣ ስለ አገር ጉብኝት በሚጻፉ ጽሑፎች ላይ ግን ሞልቷል። ለአንድ ትንሽ ቤት ይበዛል። ለገበያ ግን ልኩ ነው። ይህን ቃል ባየሁ ቁጥር የሐሙስ ገበያችን ነው ድቅን የሚልብኝ። በአባ ጅፋር ጊዜ ሲራራ ነጋዴ ከስንት አገር በቅሎውን ጭኖ ወደ ሂርማታ የሚጎርፍበት ገበያ! ስለ ጅማ ለፈረንጅ ስታወሪ «ባስሊንግ ማርኬት» በይ። አንቺም እኔም በማዳበሪያ ከረጢትና በዶሮ መሀል እየተሹለከለክን ነው ያደግነው፣ ቃሉ ይገባናል።

ባዚንግም ይላሉ። የንብ ድምፅ ነው። የማር አገር ልጅ ስለሆንሽ ማብራራት አያስፈልግሽም። ቤቱ ውስጥ ሁሉም እያወራ፣ ሳቁ፣ የብርጭቆው ድምፅ ተደባልቆ እም ሲል ባዚንግ ነው። «ሃይቭ ኦፍ አክቲቪቲ» ካሉ ደግሞ የንብ ቀፎ ማለታቸው ነው፣ ግን እሱ ለሚሠራበት ቦታ ነው እንጂ ለሚበላበት አይሆንም። አጎታችን በርጩማ የሚጠርብበት ግቢ ትዝ ይልሽ የለ? አንዱ ሲፈልጥ፣ አንዱ ሲያለሰልስ፣ ልጆቹ ፍቅፋቂ ሲለቅሙ። እሱ ነው ሃይቭ።

እዚህ ሊድስ ሲያወሩ ከሁሉ የሚያዘወትሩት ሄቪንግና ራምድ ነው። ቅዳሜ ማታ ከተማው ሄቪንግ ነበር ይሉሻል። ጢም ብሎ ሞልቷል እንደማለት ነው። የአፍ ወሬ ነው፣ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። አሜሪካ ያለው የአክስታችን ልጅ ሆፒንግ ነው የሚለው። ቦታው ይዘላል እንደማለት! መጀመሪያ ሲነግረኝ አልገባኝም ነበር።

«ሴሊንግ ላይክ ሆት ኬክስ» ስለሚለው የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። የልደት ኬክ እንዳይመስልሽ። ትኩስ ትኩሱን ከምጣድ የሚወጣ፣ ወፍራም ቂጣ የመሰለ ነገር ነው። እንደ ጉድ ይሸጣል ለማለት ነው። ግን ቤቱ አይደለም የሚሸጠው፣ ዕቃው ነው። ስለዚህ ጨጨብሳው «ሴልስ ላይክ ሆት ኬክስ» በይ። ቤቱን ካልሽ ቁርስ ቤቱን ለገበያ ያቀረብሽው ይመስላል። ጨጨብሳሽ ግን በእውነት እንዲያ ነው የሚሸጠው፣ እማዬ ነግራኛለች። ሁለት ሰዓት ላይ ቅቤው አልቆ ልጅ ወደ ጅማ መርካቶ ትልኪያለሽ አለችኝ። ሳነበው እንባዬ መጣ። በአንድ ምጣድና በሁለት አግዳሚ ወንበር የጀመርሽው ቤት ነው እኮ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እዚህ ከተማ ኪርክጌት የሚባል ትልቅ የቤት ውስጥ ገበያ አለ። በእረፍቴ ቀን እዚያ መዞር እወዳለሁ። በፈረንጆቹ 1884 ማይክል ማርክስ የሚባል ሰው እዚያ አንዲት መደብ ይዞ ንግድ ጀመረ። ዛሬ ቤላሩስ ከምትባለው አገር የመጣ ስደተኛ ነው። እንግሊዝኛውም ገና ነበር። ሰሌዳው ላይ ያጻፈው፣ ዋጋ አትጠይቁ፣ አንድ ፔኒ ነው የሚል ብቻ ነው። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የሚባለው ትልቅ ድርጅት ከዚያ መደብ ነው የተነሳው። መደቡ የነበረበት አካባቢ ስደርስ ሁሌ አንቺን አስባለሁ። አጭር ጻፊ። ብዙ ቃል አትደርድሪ።

ስለዚህ ሰሌዳው እንዲህ ይሁን። ከላይ አማርኛውና አፋን ኦሮሞው ትልቅ ትልቅ ሆኖ ይጻፍ፣ ደንበኞችሽ እነሱ ናቸውና። ከሥር በትንሹ «ኤ ፖፑላር ብሬክፋስት ስፖት»። ዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ፈረንጆች ይህችን ካዩ ይበቃቸዋል። ቀለሙ ቡና ዓይነት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ግን አንቺ እንደወደድሽ።

የጽሑፍ ሠሪውን ሒሳብ ነገ እልክልሻለሁ፣ ከዕለት ገቢሽ አትንኪ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሐሙስ ሲሰቀል ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፎቶ አንሺልኝ፣ ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን በሩ ላይ የቆሙትንም ጭምር።

ታላቅ ወንድምሽ