ደብዳቤ ለልጄ፦ ስላለቀና ስላላለቀ ነገር

ልጄ፣

ለነፃ ትምህርት ዕድሉ በእንግሊዝኛ የጻፍሽውን ማመልከቻ ደጋግሜ አነበብኩት። ሐሳቡ የራስሽ መሆኑ ደስ ብሎኛል፤ ከኢንተርኔት የተቀዳ አይመስልም። የሚቀረው ግሦቹ ናቸው። በስልክ ላስረዳሽ ብዬ ነበር፤ ግን እየተመለስሽ የምታዪው ነገር ስለሆነ በጽሑፍ ይሻላል።

ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልጀምር። «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ፒያሳ ፎር ኤይቲን ይርስ» ብለሻል። በአማርኛ ስታስቢው ምንም አይልም። «ፒያሳ 18 ዓመት ኖሬያለሁ» የሚል ሰው ዛሬም እዚያው ሊኖር ይችላል፣ ከለቀቀም ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀሪውን ከወሬው እንረዳዋለን። እንግሊዝኛው ግን አንዱን እንድትመርጪ ያስገድድሻል። «ሃቭ ሊቭድ» ብለሽ «ፎር» ካስከተልሽበት፣ አንባቢው የሚገባው አሁንም ፒያሳ እንዳለሽ ነው። ፒያሳ ያለው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል፣ እኛም ወጥተናል። ስለዚህ «አይ ሊቭድ» ነው። እንዲያ ብሎ መጻፍ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ እኔንም ይከብደኛል። ሆኖም ማመልከቻሽን የሚያነቡት ሰዎች ሰፈራችንን አያውቁም፤ ያላቸው ያ ግሥ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት 12ቱን ቴንሶች፣ ማለትም የግሥ ጊዜያት፣ በሰንጠረዥ አጥንተሻል። ሰንጠረዡ ግሡ ምን ዓይነት መልክ እንደሚይዝ ያሳይሻል፤ የትኛውን መቼ እንደምትመርጪ ግን አይነግርሽም። እኔ ስተረጉም ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ነገሩ አልቋል ወይስ እስከ ዛሬ ይዘልቃል?

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባለችው ቢሮዬ በብዛት የሚመጣልኝ ወረቀት የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። አንዱ «ከመስከረም 2010 ጀምሮ በሒሳብ ሠራተኝነት በማገልገል ላይ ይገኛሉ» ይላል። ሌላው «ከመስከረም 2010 እስከ ሰኔ 2014 አገልግለዋል» ይላል። የመጀመሪያው «ሃዝ ቢን ዎርኪንግ ሲንስ ሴፕቴምበር 2017» ነው። «ኢዝ ዎርኪንግ ሲንስ» ብለው ራሳቸው ተርጉመው የሚያመጡ ብዙ ናቸው፤ «ሲንስ» ካለ «ኢዝ» ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ሥራው የተጀመረው ድሮ ነው፣ እስከ ዛሬም አልተቋረጠም። ሁለተኛው መነሻም መድረሻም ቀን ስላለው «ዎርክድ ፍሮም» ተብሎ ያልቃል። አማርኛው «አገልግለዋል» ስለሚል እጅሽ ወደ «ሃዝ ዎርክድ» ይሄዳል፤ ያዥው። ኤምባሲ ያለ ሰው እንዲያ ተጽፎ ቢያነብ አመልካቹ ሥራ ለቋል ወይስ አልለቀቀም የሚለው ይምታታበታል። ቪዛ ለሚጠይቅ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለዚህ ነው እያንዳንዷን ግሥ ሳላጣራ ማኅተም የማልመታው።

ያንቺም ማመልከቻ ላይ ይኸው አለ፦ «አይ ሃቭ ቶውት ችልድረን ኢን 2015»። ያለፈ ዓመት ተለይቶ ከተጠቀሰ «ሃቭ» ይወጣል፤ «አይ ቶውት» በዪ። ዓመቱንም ቀይሪው። ልጆቹን ያስተማርሽው ሐምሌ ላይ ስለሆነ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2023 ነው።

ስለ አያትሽ የጻፍሽው አንቀጽ ላይ ቆም አልኩ። «ሺ ሃዝ ዎርን ኤ ኋይት ነጠላ ኤንድ ሃዝ ሳት ባይ ዘ ዶር» ይላል። ከሥሩ ያለው አማርኛ ወለል ብሎ ይታየኛል፦ ነጭ ነጠላ ለብሳ በር ላይ ተቀምጣለች። «ለብሳለች»፣ «ተቀምጣለች»፣ «ቆማለች»፣ «ተኝታለች» ስንል መልበሱና መቀመጡ አልቋል፣ ሁኔታው ግን ዓይናችን ፊት አለ። እንግሊዝኛው የሚይዘው ሁኔታውን ነው፦ «ኢዝ ዌሪንግ»፣ «ኢዝ ሲቲንግ»። «ደከመኝ» እና «ራበኝ»ም እንደዚያው ናቸው፤ ግሡ ያለፈ መልክ አለው፣ ድካሙና ረኃቡ ግን አሁን ነው። መምህሩ ሲያስረዳሽ «ገባኝ» ለማለት «አይ አንደርስታንድ» ይበቃል። ስጠራሽ ገና ከመቀመጫሽ ሳትነሺ «መጣሁ» የምትይውም «አይ አም ካሚንግ» ነው። በአማርኛ የምናስብ ሰዎች ከሁሉም በላይ የምንሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የሰዋስው መጻሕፍቱም ለእኛ ተብለው ስላልተጻፉ ብዙ አያነሡትም።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። «ዲድ ኖት ዌንት» ያልሽው «ዲድ ኖት ጎ» ይሁን፤ ያለፈው ጊዜ «ዲድ» ላይ ስላለ አይደገምም። «ኢፍ አይ ዊል ጌት» ያልሽውም «ኢፍ አይ ጌት» ነው። አማርኛውም እኮ «ካገኘሁ» ነው የሚለው፣ «እማራለሁ» የሚመጣው ከኋላ ነው። «ዊል»ን ወደዚያ ውሰጂው። ጊዜን የሚያመለክቱት «ዌን» እና «አፍተር»ም በዚሁ ይሄዳሉ።

ፓስት ፐርፌክት ላይ አንድም ስሕተት አላገኘሁብሽም። «ስደርስ ፈተናው ተጀምሮ ነበር» የሚለው «ሃድ ስታርትድ» ስለሚሆን እዚያ ላይ አማርኛችን ያግዘናል። ግን አታብዢው። ሁለት ያለፉ ነገሮች ኖረው የትኛው እንደቀደመ ማሳየት ሲያስፈልግሽ ብቻ አምጪው፤ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ከሆነ ሲምፕል ፓስት፣ ማለትም ያለ «ሃድ» «ስታርትድ» ብቻ፣ ይበቃል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት አንቀጾች ሆን ብዬ አላረምኳቸውም። አትሚያቸውና ግሦቹን ብቻ በእርሳስ አስምሪባቸው፣ ከጎናቸው «አልቋል» ወይም «አላለቀም» ብለሽ ጻፊ፣ ከዚያ ቀይሪ። ጓደኞችሽ እንዲያርሙልሽ አትስጪ፤ ለቃለ መጠይቅ ከጠሩሽ እነሱ አብረውሽ አይገቡም። እሑድ ማታ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ሰኞ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣብኝ አየዋለሁ።

እናትሽ